የመምህራችን የመጀመሪያ ልደት

በየዓመቱ በዚህ ገጽ ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ሥነ ሥርዓት እንጽፍላችኋለን። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ እራት ልናጫውታችሁ ወደድን።

ነገሩ የተጀመረው በአምስተኛ ክፍል ነው። የአማርኛ መምህራችን «የተወለድኩበት ቀን» በሚል ርእስ ወላጅ ተጠይቆ የሚጻፍ የቤት ሥራ ሰጡ። በማግስቱ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ የእርስዎስ ልደት መቼ ነው?» አለቻቸው። «ጃንዋሪ 1» ሲሉ ክፍሉ ሳቀ። ከሳቁት መካከል ሦስቱ የአባታቸው ወይም የእናታቸው ልደት ያው ጃንዋሪ 1 መሆኑን ከቤት ሰምተው መጥተው ነበር።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። የተወለደበትን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር የማያውቅ ስደተኛ ሲመዘገብ፣ ዓመቱ ተገምቶ ቀኑ ጃንዋሪ 1 ተብሎ መሞላቱ የተለመደ ነው። መምህራችንም በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ድንበር ተሻግረው ኬንያ ሲገቡ እንዲሁ ተጻፈላቸው። ቀኑ ከካምፕ ወረቀት ወደ መታወቂያ፣ ከመታወቂያ ወደ እኛ መዝገብ ተሻገረ። እኛም በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 «እንኳን ተወለዱ» እያልን መልእክት ስንልክላቸው ኖርን። እሳቸው «አሜን» ይሉ ነበር እንጂ አላረሙንም።

የልጅቷ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳቸው። ደብረ ብርሃን ለሚኖሩት ታላቅ እህታቸው ደወሉ። እህትየው አላመነቱም፦ «ንጉሡ ሳይወርዱ በነበረው ግንቦት፣ በልደታ ማግስት ነው። ሰፈሩ ደጅ ወጥቶ የቀቀለው ንፍሮ ገና አላለቀም ነበር።» አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ያለው ግንቦት የ1966 ነው። ልደታ ግንቦት 1 ናት፤ ማግስቷ ግንቦት 2፣ በፈረንጆቹ ሜይ 10 ቀን 1974 ይሆናል። መምህራችን ስሌቱን ከልጆቹ ጋር ሰሌዳ ላይ ሠሩት። ዘንድሮ ሃምሳ እንደሚሞላቸውም በዚያው ታወቀ።

ቀኑ አርብ፣ ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዋለ። ያን ሰሞን ናይሮቢ በጎርፍ ተመትታ ነበር። የሁለተኛው ተርም መክፈቻ ተራዝሞ ትምህርት ቤቶች ዝግ ነበሩ፤ መንግሥትም ያን አርብ በጎርፉ ለሞቱት መታሰቢያ ችግኝ የሚተከልበት የሕዝብ በዓል አድርጎት ነበር። ከእኛም ቤተሰቦች ውሃ ቤታቸው ገብቶባቸው ዘመድ ጋ የተጠጉ ነበሩ። መምህራችን «በዚህ ቀን እራቱ ይቅር» አሉ። ተመካከርን። ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ችግኝ ተከልን፤ ለእራቱ ካዋጣነው ገንዘብ ግማሹን ለተጎዱት ቤተሰቦች ሰጠን፤ በቀረው ማታ ሰባት ሆነን ሁርሊንግሃም ወጣን።

ሁርሊንግሃምን ታውቁታላችሁ፤ በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ፍለጋ ሩቅ አይኬድም። እሳቸው ግን «እንጀራ በየቀኑ እበላለሁ፤ በመጀመሪያ ልደቴ ቀምሼ የማላውቀውን ልብላ» ስላሉ፣ የታይላንድና የቬትናም ምግብ በዘመናዊ መልክ የሚያቀርብ ቤት መረጥን። በዓለ ሃምሳ ስለነበረ አርብ ቢሆንም ጾም የለም።

ሜኑው ሲመጣ ሁላችንም ዝም አልን። አስተናጋጇ ታግሣ አንድ በአንድ አስረዳችን። ሳህኖቹ መሐል ተደርድረው ሁሉም ከሁሉም ያነሣል፤ ይህን ሥርዓት ከመሶብ እናውቀዋለን። ቶም ያም የተባለው ሾርባ ሲቀርብ ጸሐፊያችን አሽትተው «ይሄማ ጠጅ ሳር ነው!» አሉ። እውነትም እኛ በሻይ የምናፈላው ጠጅ ሳር ነበር። ዝንጅብልና እርድም አገኘን፤ ከሩዙ ጋር የመጣው ቅጠል ደግሞ የበሶብላ ዘመድ ነው። በርበሬው ዓይን ያስለቅሳል። የታሪክ መምህራችን ዕድሉን አላሳለፉትም፦ በርበሬ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ከመሻገሩ በፊት ታይላንድም ኢትዮጵያም አያውቁትም ነበር። «ዛሬ ያለ እሱ ቀይ ወጥ ይሠራል?» ሲሉ ጠየቁን።

ባለ ልደቱ በሁለቱ እንጨቶች ኑድል ጠቅልለው ሊያጎርሱን ሞከሩ፤ ኑድሉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውን በእጃቸው ደገሙ።

በመጨረሻ ማንጎ ከሩዝ ጋር መጣ፣ አንድ ሻማ ተተክሎበት። «የመጀመሪያዬ ነው» ስላሉ ከአንድ አላስበለጥንም። ኬንያዊው የሒሳብ መምህራችን የውሃ ጠርሙስ አነሡ። እዚህ አገር ባለ ልደት ላይ ውሃ እንደሚደፋ ተማሪዎች ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ ስንቱን ዩኒፎርም አሳጥባችኋል። እሳቸው ግን «ዘንድሮ ናይሮቢ ውሃ ይበቃታል» ብለው በብርጭቆ ቀዱላቸው።

ሻማው እንደበራ ስልክ ጮኸ። እህታቸው ነበሩ። ሁላችንም እንድንሰማ ስልኩን መሐል አስቀመጥነው። «እንኳን ተወለድክልኝ» አሉ። «እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ልደታ ባለፈች ቁጥር በማግስቱ ስምህን ሳታነሣ አትውልም ነበር። አንተ ቀኑን እንደማታውቀው እኛ መች አወቅን?» መምህራችን ስልኩን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። እስኪመለሱ ሻማው ቀልጦ አለቀ። ማንም አላጠፋውም።

ሰኞ ግንቦት 5 ትምህርት ሲከፈት መዝገባችንን ገለበጥን። ጃንዋሪ 1 የሚለው ከገመትነው በላይ በዛ። በሕጋዊ ሰነድ ላይ ያለውን ቀን እኛ መለወጥ አንችልም። ከመጪው ምዝገባ ጀምሮ ግን በቅጹ ላይ አንድ መስመር ጨምረናል፦ «ቤተሰብ የሚያውቀው የልደት ቀን»። «በጥምቀት ዋዜማ»፣ «በረመዳን ሦስተኛው ቀን»፣ «ጤፍ ሲታጨድ» ተብሎ ቢጻፍም እንቀበላለን፤ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።

ተማሪዎች፣ በዚህ ዕረፍት እናት አባታችሁን ጠይቁ። አያታችሁ አገር ቤት ካሉ ደውሉላቸው። የሚያውቅ ሰው ሳለ ጻፉት፤ ነገ ዛሬ አትበሉ። ወላጆችም የራሳችሁን አትርሱ፤ ያቺ መስመር ለእናንተም ናት።