የባከኑት ቀናት

የማይድን በሽታ ልጅን ሲጎዳ ያሳዝናል፤ የሚድነው ሲያሰናክለው ግን ያንገበግባል። በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋዎች የአጥንት ኢንፌክሽን ሲነሳ የሚሰማኝ ይህ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። ፍየል ሲጠብቅ የዋለ ልጅ ማታ ጉልበቱን ያመዋል። ድንጋይ አደናቅፎት ይሆናል፤ ወለምታ ነው ይባላል። በማግስቱ ሰውነቱ ይግላል፤ እግሩን መሬት አላስነካም ይላል። ወጌሻ ይጠራል። እግሩ በቅቤ ይታሻል፣ በእንጨትና በጨርቅ ይታሰራል። ልጁ ሲጮህ እናት ራሱን ደግፋ፣ "በርታ የኔ ጌታ፣ ቻለው" ትለዋለች። ሳምንት በዚህ ያልፋል።

በዚያ ሳምንት መግል አጥንቱን እየገደለው ነው። በቁስል ወይም በእከክ በኩል የገባ ባክቴሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ፣ በደም ተጉዞ በማደግ ላይ ያለ ረጅም አጥንት ጫፍ ላይ ይሰፍራል። ጉልበት አካባቢ ይበዛል። መግሉ መውጫ ሲያጣ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ ደም ያልደረሰው አጥንት ይሞታል። መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ደግሞ ልም አጥንቱን በቀናት ውስጥ ይበላዋል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢደረስበት መግሉን ማውጣትና ለሳምንታት የሚወሰድ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት አብዛኛውን ልጅ በሁለት እግሩ ያቆሙታል። ሲዘገይ ቆዳው ተበስቶ ለዓመታት መግል ያፈሳል፤ እግሩ ያጥራል፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ይላል። ራጅም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 14 ቀናት አጥንቱን ጤነኛ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል፤ "ራጁ ደህና ነው" ተብሎ ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ ትኩሳቱና ሕመሙ ካልለቀቁት እንደገና መታየት አለበት።

ወጌሻውን አልወቅስም፤ ሐኪም በራቀበት አገር የሚደርሰው እሱ ነው። የሚቆጨኝ መንገዱ ተጠርጎ ሳለ ሳንሄድበት መቅረታችን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ባለሙያዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ወባ አስተምረዋል። ፕሮግራሙ ከተጀመረባቸው 16 የትምህርት ፓኬጆች ግን አንዱም ለአጥንት ኢንፌክሽን አልተመደበም። በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የተገባው ብሔራዊ ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም ተጠራ። የልጅ ቁመትና ክብደት ለመለካት በየቤቱ ስንገባ "እግሩንስ ይረግጣል? ያተኩሰዋል?" ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ይከብድ ነበር? ምልክቱን በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ለእናቶች መንገር፣ ወጌሻዎችን ሰብስቦ ማሳየት ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቅ ነበር? ሆስፒታል ከመገንባት ይልቅ እጅግ የሚቀል ነገር ነበር። ዘለልነው፤ ዋጋውን የከፈለው ልጁ ነው።

ያለፈው አይመለስም። ይህን የምታነቡ ግን ለጎረቤት፣ ለዕድርና ለወጌሻው ንገሩ፦ ወደቀም አልወደቀም፣ ትኩሳት ይዞት እግሩን መርገጥ ወይም እጁን ማንቀሳቀስ እምቢ ያለ ልጅ አይታሽ፣ አይታሰር፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይድረስ። ለሳምንታት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ከማታ ላብ ጋር ከመጣም የአከርካሪ ቲቢ ወይም ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላልና ተመርመሩ። ነገ የሚያምመው ልጅ እግር ገና አልጠፋም።