ከፎቶው ግርጌ

እሑድ ማለዳ፣ ሮም በቅጡ ሳትነቃ፣ ሰውየው ፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ይደርሳል። አሮጌ ጫማና የቆመ ሰዓት የተዘረጋበትን አልፎ በቀጥታ ወደ መጻሕፍቱ ነው። የሚፈልገው አንድ ዓይነት ነው፤ ጣልያን በ1935 እና በ1936 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ስትወር የታተሙ፣ ፎቶግራፍ የበዛባቸው መጻሕፍት።

ከመግዛቱ በፊት ገጾቹን ይቆጥራል፤ ፎቶውን በምላጭ ቆርጦ ለብቻው የሚሸጥ ነጋዴ አለና። ከዚያ ከፎቶው ግርጌ የተጻፈውን ያነባል። ጦሩን ተከትለው የዘመቱት የመንግሥቱ የፊልም ተቋም፣ የሉቼ፣ ባለካሜራዎች ናቸው። ስለዚህ መንገድ ሲሠራ፣ ሐኪም ሲያክም፣ ሕዝብ በፋሺስት ሰላምታ እጁን ሲያነሳ ይታያል። አውሮፕላኑም አለ። የረጨው መርዝ ግን የለም። የጣልያን መከላከያ ሚኒስቴር በመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ያመነው ስልሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው።

ባለቤቱ፣ «የጠላትን ውሸት በገንዘብህ ትገዛለህ» ትለዋለች። አይከራከራትም። አያቱ በአርበኝነት ወጥተው አልተመለሱም፤ ፎቶም የላቸውም። «እጅ ሰጡ» ተብለው ከተሰለፉት መካከል ይኖሩ እንደሁ ብሎ ነው የሚያገላብጠው። ምልክቱ እናቱ የነገረችው ብቻ ነው፤ የግራ ጆሯቸው ጫፍ ተቆርጦ ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ ሮም የተወለደችው ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ አንዱን መጽሐፍ ገለጠች። በባዶ እግራቸው የተሰለፉ አሥራ አንድ ሰዎች፣ ከፊታቸው አንድ መኮንን። ጣልያንኛውን ከእሱ ይልቅ እሷ አጥርታ ታነባለች።

«አባዬ፣ የመኮንኑ ስም ከነማዕረጉ ተጽፏል። የእነሱስ?»

ያንን ገጽ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አይቶታል። አሥራ አንዱንም ጆሮ አይቶ፣ የፈለገውን ሲያጣ አልፏቸዋል። የአንድ ሰው ፊት እንኳ ትዝ አላለውም። ፎቶውን ያነሳው ሰው ስማቸውን አልጠየቀም፤ እሱም የራሱን አያት ሲፈልግ የሌላውን ሰው አያት ሁሉ ገልጦ ሲያልፍ ኖሯል።

አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። በየገጹ መካከል ቁራጭ ወረቀት ያስገባሉ፤ የታወቀ እንደሆነ የቦታው ስም፣ የሰዎቹ ብዛት፣ የሚለይ ምልክት። ምናልባት አንድ ቀን የሚያውቃቸው የልጅ ልጅ ይመጣ ይሆናል። የመጀመሪያዋን ወረቀት የጻፈችው እሷ ናት፣ በተጣመመ የአማርኛ ፊደል፦

«አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ከግራ ሦስተኛው ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ስማቸውን የጠየቃቸው የለም።»