መንገዱ በእናቴ ደጅ ያልፍ ነበር

ከመስቀል በኋላ በነበረው እሁድ ከማኅበራችን እህቶች ጋር ሚኒባስ ተከራይተን ወደ ሹፍ ተራራ ወጣን። ዳውራ ነው የተገናኘነው። ግማሾቻችን በሌሊት ተነስተን የማዳምን ቤት አጽድተን ነበር የወጣነው። ባሩክ ስንደርስ ከመጽሐፍ ቅዱስ በስሙ ብቻ የምናውቀውን የሊባኖስ ዝግባ በዓይናችን አየነው። ሌሎቹ ፎቶ ሊነሱ ሲሮጡ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። እዚያ ማርና ማርማላታ ይሸጣል፤ የሠሩት የዙሪያው መንደር ሴቶች ናቸው።

ቲኬት የምትቆርጠውን ልጅ በተሰባበረ ዓረብኛዬ "ይሄ ተራራ የማን ነው?" አልኳት። የመንግሥት ጥብቅ ቦታ መሆኑን፣ ግን በሚያስተዳድረው ኮሚቴ ውስጥ የመንደሮቹ ከንቲባዎችም እንደሚቀመጡ ነገረችኝ። "እነሱን ሳይጠይቁ የእግር መንገድ አያወጡም" አለች። ትንሽ ጉራ ሳይኖርባት አይቀርም። ማርማላታው ግን ፊቴ ተደርድሮ ነበር፤ እኔም እናቴን አስታወስኩ።

የደባርቅ አካባቢ ልጅ ነኝ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፣ በ1978 ደግሞ የዓለም ቅርስ ሆነ። ስለ ዋልያውና ስለ ጭላዳው ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ መንገዱ ላውራችሁ። ቱሪስቱ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦና ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አስከትሎ ነው ወደ ፓርኩ የሚገባው። ዕቃው በበቅሎ ይጫናል፣ በቅሎ ደግሞ በተራ ነው። አጎቴ አንዲት በቅሎ ይዞ ተራውን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ እያሉ የሚሄዱት እግረኞች ባለፉበት ሁሉ ትንሽ ነገር ይተዋሉ። አንዱ የተቀቀለ እንቁላል ይሸጣል፣ ሌላው ከበግ ጸጉር የተሠራ ቆብ። እናቴ ለስካውቶችና ለበቅሎ ጫኞች ቡና ታፈላ ነበር። ከገብስ ሌላ እምብዛም በማይበቅልበት ደጋ ያቺ ሳንቲም ደብተሬም ጫማዬም ነበረች።

አንድ ዓመት ስለ መንገዱ ሊያወያዩን ሰዎች መጡ። ጉዳዩ እግረኛው በመንደራችን መሃል ይለፍ ወይስ በላይ በሸንተረሩ የሚል ነው። ምክንያት አልነበራቸውም አልልም። መንገዱ በዝናብ ተቦርቡሮ ነበር፣ ልጆችም ብዕር እየለመኑ ቱሪስቱን ያስቸግሩ ነበር። እኔም ለምኛለሁ። ስብሰባው ግን የዋለው በገበያ ቀን ነው። እናቴ እንቁላሏን ይዛ ገበያ ወርዳ ነበር፣ የመንደሩ ሴቶች አብዛኞቹም እንዲሁ። አጎቴ ገባ። ወረቀት ዞረ፣ ማንበብ ስለማይችል በአውራ ጣቱ ፈረመ፣ የውሎ አበሉን ተቀብሎ ወጣ።

ከወራት በኋላ መንገዱ ወደ ላይ ዞረ። አጎቴ ሄዶ ቢጠይቅ "ተወያይታችሁ ተስማምታችኋል፣ አሻራህ ይኸው" ተባለ። እሱ አሻራውን ያኖረው ስብሰባ ላይ ለመገኘቱ ነበር። ወረቀቱ ግን የስምምነት ሆኖ ቆየው።

በዚህ ምክንያት ብቻ ተሰደድኩ ብል ውሸት ነው። ደላላውም አለ፣ የአሥረኛ ክፍል ውጤቴም አለ። ግን እናቴ ጀበናዋን ከደጅ ወደ ጓዳ ያስገባችበትን ቀን አልረሳውም። እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አልቆየሁም።

እ.ኤ.አ. በ2016 ከግጭ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ። ሳሩ በከብት ተግጦ ነበር። ፓርኩ ከ1996 ጀምሮ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ላይ ነበር፣ በ2017 ከዚያ ወጣ። ደስ ብሎኛል፤ ዋልያው እንዲጠፋ የሚፈልግ የእኛ አገር ሰው የለም። ነገር ግን ሰዎቹ ሲወጡ የተጓዡ ካምፕ እዚያው ግጭ ቀረ። በተወለዱበት መስክ ላይ ሌላው ድንኳን ሲተክል እነሱ ከተማ ውስጥ ኑሮ ይጀምራሉ። ይሄ እስካሁን ይቆረቁረኛል።

ተራራው ይጠበቅ። መንገድም መዘጋት ካለበት ይዘጋ። ግን ሰው ሲጠየቅ ነገሩ ሳይወሰን በፊት ይሁን፣ ቀኑም ሴቶች ቤት የሚገኙበት ይሁን፣ ወረቀቱም ከመፈረሙ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። እኛ እኮ ይህን ነገር እናውቀዋለን። በማናነበው ዓረብኛ በተጻፈ ኮንትራት ላይ የፈረምን ስንቶቻችን ነን? "ፈርመሻል" ስንባል ምን መለስን?

ከባሩክ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆኜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። በጦርነቱ ምክንያት ቱሪስት ከቀረ ቆይቷል። ሰላም ሲወርድ እግረኛው በየት በኩል ይለፍ የሚል ስብሰባ ሊጠሩ ነው የሚል ወሬ አለ አለኝ። "እህት ዓለም፣ ደግሞ እንደ ፊተኛው ነው" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ለእናቴ ድምፅ ቀድቼ ላክሁላት፦ "እማዬ፣ አጎቴን ብቻ አትላኪ፣ ራስሽ ግቢ። ቡና ታፈዪ እንደነበር ተናገሪ። ወረቀት ቢያዞሩ 'ይነበብልኝ' በይ፣ ሳይነበብልሽ ጣትሽን እንዳታስነኪ።"

መልሷ የመጣው በማግስቱ፣ እኔ መስኮት ስወለውል ነው። ከበስተኋላዋ ዶሮ ይጮሃል።

"እሺ ልጄ። ቅዳሜ ነው አሉ፣ አሁንም የገበያ ቀን። እንቁላሉን ጎረቤቴ ትሸጥልኛለች።"