የሌለ አገር ቁማርተኞች

ደራሲ አዲስ አገር ሲፈጥር ከሁሉ በፊት ካርታውን ይስላል። ተራራ፣ ወንዝ፣ ማንም የማይገባበት ጫካ፣ ከወዲያ ማዶ ክፉው ንጉሥ። ቀጥሎ የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ ይደረድራል። እኔ እነዚህን ገጾች ቶሎ ቶሎ ገልጬ መጠጥ ቤቱን ነው የምፈልገው። ሰዎቹ ከሥራ ሲወጡ የት ይቀመጣሉ? ምን ይጠጣሉ? ሞቅ ሲላቸው በምን ይወራረዳሉ? የተበላውስ ይከፍላል ወይስ ይክዳል? ይህን ካልነገረኝ ዘንዶው ቢበርም ባይበርም ግድ የለኝም።

ቶልኪን በዚህ አይታማም። ራሱም ኦክስፎርድ ውስጥ ‹‹ኢግል ኤንድ ቻይልድ›› በተባለ መጠጥ ቤት ከደራሲ ጓደኞቹ ጋር እየተገናኘ ሲጨዋወት የኖረ ሰው ነው። ሆቢቶች ብሎ የፈጠራቸው እነዚያ አጫጭር ሰዎች፣ ጥቁር ፈረሰኛ እያሳደዳቸው እንኳ የቢራ ነገር አይሆንላቸውም። ከእነሱ አንዱ ፍሮዶ በአቋራጭ እንሂድ ሲል ጓደኛው ፒፒን ይቃወማል፤ ምክንያቱ ደግሞ የአካባቢው ምርጥ ቢራ የሚገኝበት መጠጥ ቤት በዋናው መንገድ ላይ መሆኑ ነው። ብሪ ከተማ ሲደርሱም ፍሮዶ ማንነቱን እንዲደብቅ ተመክሮ፣ ያጠለቀውን የሚሰውር ቀለበት ኪሱ ውስጥ ይዞ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ይጨበጨብለታል። ይጠጣል። ድገም ይሉታል። ሲደግም ይዘልና ከጠረጴዛው ላይ ይወድቃል፤ ቀለበቱ ጣቱ ላይ ሲገባ ሕዝብ እያየው እልም ይላል። ምስጢሩ የወጣው በሰላይ ብልጠት ሳይሆን በጭብጨባ ነው። መጠጥ ቤት የሚያውቅ ሰው የጻፈው መሆኑ ያስታውቃል።

ኤልፎቹ እንኳ፣ እነዚያ ቀጭንና ግርማ ያላቸው የማይሞቱት ፍጡራን፣ ከስካር አላመለጡም። ‹‹ሆቢት›› በተባለው መጽሐፍ የኤልፎቹ ንጉሥ ጠጅ አሳላፊና የዘበኞቹ አለቃ፣ ለንጉሡ ግብር የመጣውን ብርቱ ወይን ጠጅ ልንቅመሰው ብለው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ያንቀላፋሉ። ቁልፉ ከአለቃው ወገብ ይወሰዳል፤ አሥራ ሦስት ድንኮች በበርሜል ታሽገው በወንዝ ይወጣሉ። አሳላፊ ሆኖ ‹‹ልቅመሰው›› የማይል የት አገር አለ?

ሮውሊንግ በበኩሏ መጠጡን ለልጆች በሚሆን መንገድ አለሳልሳዋለች። የሃሪ ፖተር ተማሪዎች የሚጠጡት የቅቤ ቢራ ለሰው ምንም አይለውም፤ ለቤት አገልጋይ ኤልፎች ግን ይከብዳል። ዊንኪ የተባለችው ኤልፍ ጌታዋ ካባረራት በኋላ በቀን ስድስት ጠርሙስ እየጨለጠች ወጥ ቤቱ ምድጃ አጠገብ ታለቅሳለች። ሌሎቹ ኤልፎች አፍረውባት የጠረጴዛ ልብስ ያለብሷታል። በዚያ ሁሉ የአስማት ጋጋታ መካከል እውነተኛ ሰካራም ያየሁት እዚያ ላይ ነው፤ ከሥራ የተባረረና ዘመዶቹ የሚሸፍኑት ሰካራም።

ቁማሩም ላይ እጇ ጥሩ ነው። በ2000 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በወጣው አራተኛው መጽሐፍ፣ መንትዮቹ ፍሬድና ጆርጅ በመጥረጊያ እየበረሩ በሚጫወቱት በክዊዲች የዓለም ዋንጫ ላይ ያላቸውን በሙሉ ያስይዛሉ። 37 ጋሊዮን፣ 15 ሲክል፣ 3 ነት። አንድ ጋሊዮን 17 ሲክል ነው፣ አንድ ሲክል 29 ነት። ለሒሳብ የማይመች ብር ነው፤ ነገር ግን እነዚያ 3 ነቶች ባይኖሩ ኖሮ ውርርዱን አላምነውም ነበር። ኪሱን ገልብጦ ሳንቲሟን ሳይቀር የሚያስይዝ ልጅ ያለውን ሁሉ እንዳስያዘ ያስታውቃል። ውርርዱም ቀላል አይደለም፦ የተጋጣሚው ቡድን ክረም ወርቃማዋን ኳስ ይይዛል፣ ግን አየርላንድ ታሸንፋለች። 170 ለ160፣ ልክ እንዳሉት ሆነ። አወራራጁ ሉዶ ባግማን፣ የመንግሥት ባለሥልጣን፣ በሌፕረኮን ወርቅ ከፈላቸው። ያ ወርቅ ሲያድር ይጠፋል። ልጆቹ ዓመቱን ሙሉ ደብዳቤ ቢጽፉለት አይመልስም፤ ባንከኞቹ ጎብሊኖች ደግሞ እሱን ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ዕዳቸውን ይጠይቁታል። በመጨረሻ በሌላ የአስማት ውድድር ሃሪ ያሸንፋል ብሎ ከጎብሊኖቹ ጋር ተወራረደ፤ ሃሪና ተፎካካሪው ሴድሪክ የውድድሩን ዋንጫ እኩል ነኩት፤ ጎብሊኖቹም እኩል መውጣት ማሸነፍ አይደለም አሉ። ባግማን ጠፋ። ከመጽሐፉ ክፉ ጠንቋይ ይልቅ እኔ የምፈራው ይህን ሳቂታ ሰውዬ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በምናብ አገሮች ቁማር በንጹሕ እጅ አይጫወቱም ማለት ይቻላል። በስታር ዎርስ ውስጥ ሃን ሶሎ ዝነኛውን የጠፈር መርከብ ከላንዶ ላይ እንዳሸነፈ በ1980ው ፊልም ሰማን። በ2018 ጨዋታውን ሲያሳዩን ላንዶ እጅጌው ውስጥ ካርታ ይደብቅ ኖሯል፤ ሃን ደግሞ ከጨዋታው በፊት አቅፎ ሰላም ሲለው ያችን ካርታ ወስዶበታል። እንግዲህ ሁለቱም ሌባ ናቸው፤ ቀድሞ የሰረቀው መርከቡን ወሰደ።

ከዚህ የሚከብደኝ ግን ኳይ-ጎን ነው። በ1999ኙ የስታር ዎርስ ፊልም ይህ መነኩሴ መሳይ ሰው ባሪያ የሆኑትን አናኪንንና እናቱን በእሽቅድምድም ውርርድ ነጻ ሊያወጣ ይደራደራል። ባለቤታቸው ዋቶ ሁለቱን አልሰጥም፣ አንድ ብቻ ይላል። የቱ እንደሚሆን ዳይስ ይወስን፤ ሰማያዊ ከወጣ ልጁ፣ ቀይ ከወጣ እናቲቱ። ዋቶ ይወረውራል። ኳይ-ጎን ጣቶቹን ትንሽ ያነቃንቅና ዳይሷ ሰማያዊ ላይ ትቆማለች። ተመልካች ፈገግ ይላል፣ ስግብግቡ ነጋዴ ተሸወደ ብሎ። ዳይሷን ያዞረው ሰው ግን በዚያች ቅጽበት እናቲቱን በባርነት አስቀርቷል። የእሷን ዕጣ ያወጣው ዕድል ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር፤ ያወጣው ቅን ሰው ነው።

ወደ ቶልኪን ልመለስ፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት በሌለ አገር ውስጥ ከተደረጉት ውርርዶች ሁሉ የሚበልጠው ያለ ካርታና ያለ ሳንቲም የተደረገው ነው። ‹‹ሆቢት›› ውስጥ፣ ቢልቦ የተባለው ሆቢት ተራራ ሥር ጠፍቶ፣ በጨለማ ሐይቅ ዳር ጎለምን ያገኘዋል። እንቆቅልሽ ይገጥማሉ። ቢልቦ ከተሸነፈ ይበላል፤ እዚህ ላይ መበላት ማለት እንዲያው በጥርስ መበላት ነው። ጎለም ከተሸነፈ መውጫውን ያሳያል። የሚያስደንቀው፣ ማንም በማያይበት ጨለማ ውስጥ አንዱ ሌላውን አንቆ መገላገል ሲችል ተራ ጠብቀው መጫወታቸው ነው። ቶልኪን እንደሚለው ይህ ጨዋታ እጅግ ጥንታዊና የተቀደሰ ስለሆነ ክፉ ፍጡር እንኳ ማጭበርበር ይፈራበታል። አንድን ሕዝብ የሚያሳምነኝ እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ሲጫወት ምን ማድረግ ነውር እንደሆነበት።

መጨረሻ ላይ ቢልቦ እንቆቅልሽ ያልቅበታል፤ ኪሱን ሲዳብስ ቀድሞ ያገኛት ቀለበት እጁ ላይ ትመጣና ‹‹ኪሴ ውስጥ ምን አለ?›› ይላል ለራሱ። ጎለም ጥያቄ መሰለው። ሦስት ጊዜ ልገምት አለ፤ እጅ አለ፣ ቢላዋ አለ፣ በሦስተኛው ገመድ ወይም ምንም አለ። ተበላ። እኛ ዘንድ ያደገ ልጅ ግን ይህን አይቀበልም። በእኛ እንቆቅልሽ ያልመለሰ አገር ይሰጣል፤ ጎንደርንም ሆነ ሐረርን ሰጥቶ ይገላገላል፣ ተቀባዩም አገሩን ተረክቦ ሰጪውን በግጥም ይሰድበዋል። ኪሴ ውስጥ ምን አለ ብሎ አገር የሚጠይቅ ቢመጣ ከምድጃው ዙሪያ ያባርሩታል። ቶልኪንም ነገሩ ከንክኖታል። በኋላ በጻፈው በትልቁ የፍሮዶ መጽሐፍ መግቢያ ላይ፣ ጥያቄው እንቆቅልሽ ነው አይደለም በሚለው ሊቃውንት እንደማይስማሙ ይጠቅስና፣ ጎለም ግን ተቀብሎ መገመት ስለ ጀመረ በቃሉ ታስሯል ይላል። ፍርድ ቤት ቢሄድ ቢልቦ የሚረታው በዚህች ነጥብ ብቻ ነው።

ከዚህም የሚገርም አለ። በ1937 በታተመው የመጀመሪያ እትም ጎለም ያስያዘው መውጫ መንገድ አልነበረም፤ ስጦታ ነበር፣ ያችው ቀለበት። ሲሸነፍ ሊያመጣት ሄዶ ያጣታል። ተመልሶ ደጋግሞ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በምትኩ መንገዱን አሳይቶ ይሸኘዋል። ሰው የሚበላ ፍጡር፣ ዕዳውን ባለመክፈሉ የሚያፍር! በኋላ ቀለበቷ የክፋት ሁሉ ራስ ስትሆን ይህ ጎለም አልተስማማም፤ በ1951 እትም ምዕራፉ ተለወጠና ከሽንፈቱ በኋላ ሊገድል የሚመጣው የምናውቀው ጎለም ተወለደ። የድሮውን ታሪክ ቶልኪን አልካደውም፤ ቢልቦ ለድንኮቹ የነገራቸው ውሸት ነበር ብሎ አስተካከለው። ለትልቁ ታሪክ ለውጡ አስፈላጊ ነበር። እኔን ግን ያ የድሮው ተበላሁ ባይ ያሳዝነኛል፤ ከባግማን በስንት ጣዕሙ!

አንዳንድ ደራሲዎች ጨዋታውን ራሱን እስከ ደንቡ ይሠሩታል። ኤድጋር ራይስ በሮውዝ በ1922 ለማርስ ሰዎች ጄታን የተባለ ባለ 100 ቤት ሰንጠረዥ ፈጥሮ፣ በታሪኩ ውስጥ በሕይወት ያሉ ሰዎችን በጠጠር ፈንታ አቁሞ አዋጋቸው። የቴሪ ፕራቼትን ድንኮችና ትሮሎች የሚያጋጥመውን ‹‹ተድ›› ደግሞ ትሬቨር ትሩራን ነድፎት በ2002 ለገበያ ወጣ። 32 ድንኮች በ8 ትሮሎች ላይ ናቸው። ሙሉ ግጥሚያ ሁለት ዙር አለው፤ በሁለተኛው ተጫዋቾቹ ወገን ይለዋወጣሉ፣ ስለዚህ አሁን ያሳደድከውን ጠላት ሆነህ ትሮጣለህ። ክዊዲች እንኳ ከመጽሐፉ ወጥቶ ከ2005 ጀምሮ በአሜሪካ ኮሌጆች በእግር ይሮጡበታል፤ በ2022 በንግድ ምልክትና በሌላም ሰበብ ስሙ ኳድቦል ተባለ። ዱላ እግር መካከል ይዞ መሮጡ ግን አልቀረም።

በቶልኪን ትልቁ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ ሆቢቶቹ ከጦርነት ሲመለሱ አገራቸው ተይዞ አገኙት። አምባገነኑ መምጣቱን የነገራቸው ግንብ ወይም ሬሳ አልነበረም፤ መጠጥ ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ አለቃው ቢራ አይወድም ተባሉ። የአለቃው ሰዎች ግን ይጠጡ ነበር። ግድግዳው ላይ የደንብ ዝርዝር ተለጥፏል፤ ፒፒን ቀደደው። ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱም ይኸው ደንብ መቅደድ ሆነ። ሰዎቹን ካባረሩ በኋላ በነበረው በ1420 (በሆቢቶች አቆጣጠር) ገብሱ እንደ ጉድ ሰጠ፤ የዚያ ዓመት ቢራም ለረጅም ጊዜ ሲታወስ፣ እንደ ምሳሌም ሲጠቀስ ኖረ። ከአንድ ትውልድ በኋላም መጠጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ደህና ቢራ አንስቶ ከጨለጠ በኋላ ጽዋውን አስቀምጦ፣ ይሄማ የ1420 ነው ይል ነበር።