ሩት ነጋና በቤታችን የተጻፈው ደብዳቤ

ሲኒማ ወደ ሰው ቤት የሚገባው ለጨዋታ ነው ይባላል። ዳሩ ግን ለጨዋታ የገባው ነገር አንዳንድ ጊዜ እንደ ሽማግሌ ተቀምጦ የቤቱን ነገር ይመረምራል። በእኛም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ስለ ሆነ፥ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን።

እኛ በጃናሞራ ተወልደን፥ በቤተ ክርስቲያን ፊደል ቈጥረንና ዳዊት ደግመን፥ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምረን፥ ዛሬ በደባርቅ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነን የምንኖር ነን። ባለፈው ጥምቀት ታናሽ እኅታችን ከጎንደር መጥታ ሳለች፥ ልጃችን «በአገራችን የተወለደች ሴት የተጫወተችው ነው» ብላ በ2016 የወጣውን «ላቪንግ» የሚባል ሲኒማ አሳየችን። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) እኛም ቃሉን ለእኅታችን እየተረጐምን አብረን አየን።

ተዋናይቱ ሩት ነጋ በአዲስ አበባ ከኢትዮጵያዊ ሐኪምና ከአየርላንዳዊት ነርስ የተወለደች ናት። በአራት ዓመቷ ወደ አየርላንድ ሄደች፤ ሰባት ዓመት ሲሆናትም አባቷ በመኪና አደጋ ሞተ። በደብሊን በትሪኒቲ ኮሌጅ የቲያትር ትምህርት ተምራ፥ በመድረክም በሲኒማም ብዙ ዓመት ደከመች። በዚህ ሥራዋ በ2017 ለኦስካር ከታጩት አምስት ሴቶች አንዷ ሆነች፤ ሽልማቱ ለሌላዪቱ ቢሰጥም ስሟ በዓለም ተጠራ። በ2018 ደግሞ በደብሊን በጌት ቲያትር የሼክስፒርን ሐምሌት፥ ያን ወንድ ልዑል፥ ሆና ተጫወተች።

ከእርሷ አስቀድሞ ከባዕድ አገር ወደ ሆሊውድ ለገቡት ሴቶች መንገዱ ጠባብ ነበረ። ማሪያ ኡስፔንስካያ የምትባል ሩሲያዊት በ1920ዎቹ ከሞስኮ የኪነ ጥበብ ቲያትር ጋር መጥታ በአሜሪካ ቀረች። የትወናን ጥበብ ለሌሎች የምታስተምርና ሁለት ጊዜ ለኦስካር የታጨች ስትሆን፥ ብዙ ሰው የሚያስታውሳት ግን በ1941 በተሠራው በተኵላ ሰው ሲኒማ ውስጥ እንደ ዘላን አሮጊት ሆና ነው። ነጭና ጥቁር ሲፋቀሩ ማሳየትንማ ሆሊውድ በ1930 በተጻፈው ደንቡ ከልክሎት ነበረ። ሩት የተጫወተችው ይህንኑ የተከለከለውን ነገር ነው።

ነገሩ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሚልድሬድ የምትባል ጥቁር ሴትና ሪቻርድ ላቪንግ የሚባል ነጭ ሰው በ1958 በዋሽንግተን ተጋቡ። ወደ አገራቸው ወደ ቨርጂኒያ በተመለሱ ጊዜ፥ ከተጋቡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የወረዳው ሹም በሌሊት ከመኝታቸው አስነሥቶ አሰራቸው። በ1959 ዳኛው አንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ ነገር ግን ከግዛቱ ወጥተው 25 ዓመት አብረው እንዳይመለሱ ብሎ እስራቱን አገደላቸው። ሚልድሬድ ስለ ፍትሕ ደብዳቤ ጻፈች፤ ጠበቆችም ተነሡላት፤ በሰኔ ወር 1967 የአሜሪካ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች ዘጠኙም በአንድ ቃል ያን ሕግ ሻሩት።

ሩት በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥቂት ብቻ ትናገራለች፤ የቀረውን ዓይኗ ይናገራል። ፍርዱ ሲነገር እኅታችን ዝም ብላ ቈይታ፥ «ጋሼ፥ የተናገረውስ ዳኛው ነው፤ የጻፈው ማነው?» አለችን። እኛም መተርጐሙን ተውን።

የዛሬ ሃያ ዓመት ይህችን እኅታችንን የአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ሽማግሌ ልኮ አስጠይቋት ነበረ። ልጁ ታታሪና ጨዋ ነበረ፤ እርሷም ወድዳው ነበረ። አባታችን ግን «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው እምቢታውን እንድንጽፍ አዘዙን። እኛም በቁም ጽሕፈት አሳምረን ጻፍነው፤ የአባታችንን ሻካራ ቃል በትሕትና ቃል አለስልሰን፥ ዘለፋውን እንደ ምስጋና አስመሰልነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ጽሕፈቱ ማማር አመሰገኑን። ልጁ አገሩን ለቀቀ፤ እኅታችንም ከዚያ ወዲህ ባል አላገባችም። እኛም ጽፈናል እንጂ አልፈረድንም እያልን ይህን ሁሉ ዘመን በሰላም ተኛን።

አሁን ደግሞ ልጃችንን የሸማኔ ልጅ ሊጠይቃት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ ይመጣሉ። አባታችን በሽምግልናቸው ከጃናሞራ «መልሱን አዘጋጅ» ብለው ላኩብን። እኛ ግን የልጃችንን ቃል ሳንሰማ ብዕር እንዳንይዝ ቈርጠናል፤ ይህንንም ራሳችን መካነ ብርሃን ድረስ ሄደን፥ በፊታቸው ቆመን፥ በአክብሮት እንነግራቸዋለን። ቍጣቸው ቀላል እንዳይደለ እናውቃለን።

እኅታችንን በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቅናት። ቡናውን እየቀዳች፥ «ለእኔ ከምትጠይቀኝ ለእርሷ ጠብቀው» አለችን።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ማኅተምና ብዕር የተሰጣችሁ ናችሁ። ክፉን ቃል በመልካም ጽሕፈት ማሳመር ከክፋቱ ተካፋይ መሆን ነው፤ ይህንንም እኛ የተማርነው በችሎት ተቀምጠን ሳይሆን፥ በገዛ ቤታችን ከታናሽ እኅታችን አፍ ነው።