በይፋት ቈላ የትውልድ ሐረግን ስለ መፈለግ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጣርማ በር ብርድና ጉም ወደ ደብረ ሲና፤ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርድ፤ ጧት የደረበውን ካባ አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ የይፋት ቈላ ከተማ ነው። በዚህ አገር ዐማራው፤ አርጎባው፤ ኦሮሞውና አፋሩ በገበያና በጋብቻ ስለሚገናኙ፤ የብዙ ቤተ ሰብ ሐረግ ከአንድ ወገን ብቻ የሚመዘዝ አይደለም።

የቀደሙት አባቶች ትውልዳቸውን በቃል ይቈጥሩ ነበር። በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት መቍጠር ለጋብቻ ያስፈልግ ነበር፤ በደጋውም ርስት የሚሟገት ሰው ከአቅኚው አባት መወለዱን ማስረዳት ነበረበት። በየካቲት ወር 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ግን ስለ ርስት በዳኛ ፊት ትውልድ መቍጠር ቀርቷል፤ ስለዚህም የሚጠይቅ ልጅ ከሌለ ሐረጉ ከሽማግሌው ጋራ ይቀበራል።

ለዚህ ጕዳይ ቤተ መጻሕፍት ብዙ ይረዳል። በአዲስ አበባ በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፤ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተውም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፤ የቈዩ ጽሑፎችን ሰብስበው ይዘዋል። ደግሞም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ከ9000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም ዝርዝራቸውን ለማዘጋጀት ብዙ ዘመን ደክመዋል። በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታ፤ የውል ቃልና የምስክሮች ስም ተጽፎ ይገኛልና።

ነገር ግን «የአያቴን ታሪክ ስጡኝ» ብሎ ባዶ እጁን ለመጣ ሰው መዝገብ ቤቱ የሚያደርግለት ነገር የለም። አስቀድሞ ከሽማግሌዎች ጠይቆ የአያቱን የዓለም ስም፤ የክርስትና ስም፤ ማዕረግ፤ የተወለደበትን ቀበሌና የተቀበረበትን ደብር ጽፎ መምጣት ይገባዋል። ይልቁንም የክርስትና ስም አይዘንጋ፤ በመንደር በአንድ ስም የታወቀው ሰው በብራናው ላይ ወልደ ማርያም ወይም ኃይለ ሚካኤል ተብሎ ሊገኝ ይችላልና።

ሙስሊሙ ቤተ ሰብ ደግሞ በዐረብኛ የተጻፈውን ይፈልግ። ይፋትን ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የገዙት የወላስማ ነገሥታት ታሪክ፤ የካይሮው ጸሓፊ አል መቅሪዚ በ15ኛው መቶ ዓመት በጻፈው መጽሐፍ ይገኛል፤ በቅርቡ ዘመንም የፈረንሳይ ሊቃውንት በዚያው በይፋት የዐረብኛ ጽሕፈት ያለባቸውን መቃብሮቻቸውን መርምረዋል። የተራው ቤተ ሰብ ስም ግን በድንጋይ ስላልተቀረጸ፤ በየቤቱ የተቀመጠው የዐረብኛ ወረቀት ከብልና ከዝናብ ይጠበቅ።

ስለዚህ አንባቢዎቻችንን የምንመክረው ይህ ነው። ወደ ቤተ መጻሕፍት ከመሄዳችሁ በፊት ወደ እናታችሁና ወደ አያታችሁ ሂዱ፤ የነገሯችሁንም ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጨምራችሁ ጻፉ። በቤታችሁ ያለውን የቈየ ጽሑፍ ለነጋዴ አትሽጡ፤ ፎቶግራፉን አስነሥታችሁ አንዱን ግልባጭ ለቤተ መጻሕፍት ስጡ። ዛሬ እናንተ የምታኖሩት ወረቀት ነገ የልጅ ልጃችሁ የሚፈልገው ነውና።