ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፦ የልጆቹን የመጥለቂያ ዕቃ ከማን እንግዛ?

ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚጓዝ ቤተሰብ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነስቶ እስከ ባሕር ጠርዝ ይወርዳል። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ናጋድ ጣቢያ ያደርሰዋል፤ በአውሮፕላን ለሚሄድ መንገዱ የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል እንደሚባለው፣ ዋና በሆቴል ገንዳ ለተማረ ልጅ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሌላ ዓለም ነው።

ለጉዞው የሚመረጠው ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ሙቀቱ ይበርዳል፤ በአርታ ዳርቻ አካባቢም ከዓሣ ሁሉ ትልቁ የሆነው ዌል ሻርክ ወደ ውሃው ፊት ወጥቶ ይመገባል። ስሙ ቢያስፈራም ምግቡ ፕላንክተን የሚባሉ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታትና ትንንሽ ዓሦች ናቸው። እዚህ የሚታዩት በአብዛኛው ገና ያላደጉት ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ከልጆቻችን ቁመት እጥፍና ከዚያ በላይ ይረዝማሉ። ከከተማው ባሻገር ያሉት የሙሻና የማስካሊ ደሴቶች ደግሞ በኮራላቸው ይታወቃሉ። አየር በሲሊንደር ተሸክመው የሚጠልቁ ሰዎች ወደዚያ በጀልባ ይሄዳሉ።

ይህን ልዩነት እናት አባትና አያት ሁሉ አስቀድመው ቢያውቁት ብዙ ገንዘብ ያድናል። ዌል ሻርክን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ መነጽር፣ መተንፈሻ ቱቦና የእግር መቅዘፊያ ይበቃል። ልጆቹ ግን ገና ጉዞው ሳይጀመር ስልካቸው ላይ ሙሉ የጠላቂ ዕቃ ያገኛሉ። ቀጥሎ ውጭ አገር ላለችው ዘመድ ይደወላል። «አክስቴ፣ ዋጋው በግማሽ ቀንሷል፤ ዛሬ ካላዘዝሽልኝ ያልቃል!» አክስት ካርዷን ታወጣለች፤ አያት ደግሞ እኔ እከፍላለሁ ይላሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ጫማ ከማዘዝ የሚለየው ለምንድን ነው? በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። ሬጉሌተር የሚባለው በአፍ የሚያዘው መሣሪያ ሥራው ከሲሊንደሩ የሚወጣውን አየር ከአካባቢው ግፊት ጋር አመጣጥኖ ለሳንባ መስጠት ነው። በ10 ሜትር ላይ ሳንባውን የሞላ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ ያ አየር እጥፍ ለመሆን ይሰፋል፤ ሳንባን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የጠላቂ የመጀመሪያ ትምህርት «ትንፋሽህን አትያዝ» የሚል ነው። መሣሪያው አየር ቢከለክለው ግን ልጁ ትምህርቱን እንዴት ይፈጽማል?

እንግዲህ ለጀማሪ ልጅ መነጽሩን፣ ቱቦውንና መቅዘፊያውን ብቻ መግዛት ይበቃል። እነዚህ በልክ የሚመረጡ የግል ዕቃዎች ናቸው። ሬጉሌተሩን፣ ተንሳፋፊ ሰደርያውንና ሲሊንደሩን እዚያው ከመጥለቂያ ማዕከሉ መከራየት ይሻላል። የልጅ ልክ መኖሩን፣ ዕቃው መቼ እንደተፈተሸም አስቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው። ሲሊንደር ከውጭ ማስመጣት ፈጽሞ አያዋጣም፤ በግፊት የተሞላ ሆኖ አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ በየጊዜውም የግፊት ፍተሻ ይፈልጋል።

ለምንገዛው ዕቃ የታመነ ሻጭ የሚታወቀው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት በሚሰጠው መልስ ነው። አክስት ከመክፈሏ በፊት ሱቁ የመንገድ አድራሻና የሚነሳ ስልክ እንዳለው ታረጋግጥ። ትደውልና «የ11 ዓመት ልጅ ነው፣ ፊቱ ጠባብ ነው፣ የትኛው መነጽር ይሆነዋል?» ትበል። ሥራውን የሚያውቅ ሻጭ መልሶ ይጠይቃታል፦ ልጁ ዋና ይችላል ወይ? በባዶ እግር የሚጠለቅ መቅዘፊያ ነው ወይስ ከጫማ ጋር የሚታሰር? ዕቃውን ሁሉ በአንድ ላይ ውሰጂ ብሎ የሚያጣድፍ ከሆነ ስልኩን ትዝጋ።

ቀጥሎ የአምራቹን ድረ ገጽ ራሱን መክፈት ነው። እንደ ክሬሲ፣ ማሬስና ስኩባፕሮ ያሉ የታወቁ አምራቾች ሕጋዊ አከፋፋዮቻቸውን በዝርዝር ያወጣሉ። ሱቁ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ፣ ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ አምራቹ ዋስትናውን ላይቀበል ይችላል። በድረ ገጹ አድራሻ አጠገብ የሚታየው የቁልፍ ምልክት መስመሩ የተጠበቀ መሆኑን እንጂ የሻጩን ታማኝነት አይመሰክርም። ከሌሎች ሱቆች ሁሉ እጅግ የራቀ ዋጋ፣ በቀጥታ የባንክ ዝውውር ብቻ የሚል ክፍያ፣ ከሌላ ቦታ የተቀዳ የሚመስል ፎቶግራፍ፣ ሦስቱም የመሸሽ ምልክቶች ናቸው። በክሬዲት ካርድ ከተከፈለ ግን ችግር ሲፈጠር ለባንኩ አቤት ማለት ይቻላል።

የመመለሻው ውል በጽሑፍ ይነበብ፤ በስንት ቀን ውስጥ? የመላኪያውን የሚከፍለው ማነው? ዕቃው አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ መመለስ ከባድ ነውና፣ አክስት ሳጥኑን እዚያው ከፍታ ልኩንና ዕቃውን ታመሳክር። ቀረጥ ሊኖርበት ስለሚችል ደረሰኙም አብሮ ይምጣ።

መነጽሩ እጃችን ሲገባ መሞከሩ ቀላል ነው። ልጁ ማሰሪያውን ሳያስር ፊቱ ላይ ያስጠጋውና በአፍንጫው ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይሳብ። እጁን ሲለቅ መነጽሩ ካልወደቀ ልኩ ነው፤ አየር ከገባበት ውሃም ይገባበታል።

ሬጉሌተር የሚገዛው ልጁ ተምሮ፣ ደጋግሞ ከጠለቀ በኋላ ነው። ፓዲ የተባለው ዓለም አቀፍ ማሠልጠኛ ድርጅት ለጠላቂነት የምስክር ወረቀት የሚቀበለው ከ10 ዓመት ጀምሮ ነው። ከ10 እስከ 11 ዓመት ያሉት ከወላጅ ወይም ከባለሙያ ጋር ሆነው እስከ 12 ሜትር ብቻ ይጠልቃሉ። ያ ቀን ሲመጣ ሻጩን የምንጠይቀው ጥያቄ ይጨምራል፦ የአውሮፓ ደረጃ የሆነው ኢኤን 250 ተጽፎበታል ወይ? ማያያዣው ዮክ የሚባለው ነው ወይስ ዲን፣ ጅቡቲ ካለው ሲሊንደርስ ጋር ይገጥማል ወይ? ዓመታዊ ምርመራውን የት ያገኛል? ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ የሌለው ዕቃ በስጦታም ቢሆን አይወሰድ።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጩ አይነግረንም፤ እርሱ ያለበት አገር የእኛን ደጋ አያውቅምና። በሲሊንደር የጠለቀ ሰው ወደ ከፍታ ከመውጣቱ በፊት ማረፍ አለበት፤ አለዚያ በደሙ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን አረፋ ሆኖ ሊያሳምመው ይችላል። ከበረራ በፊት የሚመከረው ከአንድ ቀላል ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ ለጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ራሷ በአውሮፕላን ውስጥ ካለው የአየር ግፊት ጋር በሚቀራረብ ከፍታ ላይ ናትና፣ በመኪናም ሆነ በባቡር ለሚመለስ ዕረፍቱ አይቀርለትም። የአርታ ከተማም ተራራ ላይ ስለሆነች ዕረፍቱን ባሕር ዳር ወይም ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ማሳለፍ ይሻላል። ስለዚህ መጥለቁን በጉዞው መጀመሪያ፣ በውሃው ፊት ዌል ሻርክ ማየቱን ወደ መጨረሻው አድርጉት።

ልጆቹ ይቸኩላሉ፤ እኛ እንረጋጋ። ዕቃው ሳይደርስ ወሩ ቢያልፍ ባሕሩ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ኅዳርም በየዓመቱ ይመጣል።